ኮሌጅ በር ላይ የቆመው ሒሳብ

አሜሪካ ውስጥ እየሠራ ኮሌጅ ለመማር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ክፍያ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ማታ ትምህርት። ስለ ሒሳብ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። ነርስ ልሁን ወይም አካውንቲንግ ላጥና ብሎ ይነሣል፤ በምዝገባው ሰሞን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ከየትኛው ኮርስ እንደሚጀምር የሚለየውን ፕሌስመንት ቴስት ይወስዳል፤ ከዚያ ከኮሌጅ ደረጃ በታች በሆነው ሪሚዲያል ሒሳብ ውስጥ ይመደባል። ይህ ሪሚዲያል አገር ቤት የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ከሚሰጠው ይለያል። እንደ ማንኛውም ኮርስ ይከፈልበታል፣ ለዲግሪው ግን አይቆጠርም። እዚያው ላይ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ሰዎች «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ መስማት ያንገበግበኛል። ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ ነገር ነው።

ፒተር ራይሊ ባር የተባለ ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት በካሊፎርኒያ 107 ኮሚኒቲ ኮሌጆች የተመዘገቡ 85,894 ጀማሪ ተማሪዎችን መዝገብ መርምሯል። ከሪሚዲያል ተነሥተው የኮሌጅ ደረጃ ሒሳብ ያለፉት ተማሪዎች ዲግሪ በማግኘትም ሆነ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ በመዛወር ሪሚዲያል ጨርሶ ካላስፈለጋቸው ጋር ተቀራራቢ ሆነው አገኛቸው። ዝቅ ብለው መጀመራቸው በመጨረሻ ከማንም አላሳነሳቸውም። የሚያሳዝነው፣ ከሪሚዲያል ከጀመሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል እዚያ አለመድረሳቸው ነው።

ታዲያ የት ቀሩ? ቶማስ ቤይሊና ባልደረቦቹ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ኮርሱን ወድቀው ወይም ጥለው ከቀሩት ይልቅ ለመጀመሪያው ወይም ለቀጣዩ ኮርስ ሳይመዘገቡ የቀሩት በዝተው ተገኝተዋል። አንዱን ኮርስ አልፎ ለሚቀጥለው ያልተመለሰ ሰው ሒሳብ አቅቶት አይደለም የቀረው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሦስት ተከታታይ የሪሚዲያል ኮርሶች አሉ እንበል። በእያንዳንዱ ከመቶው 75 ያልፋሉ፤ ካለፉት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 80ው ለቀጣዩ ይመዘገባሉ። መቶ ሰው ቢጀምር 75 ያልፋል፣ 60 ይመዘገባል፤ 45 ያልፋል፣ 36 ይመዘገባል፤ በመጨረሻ 27 ይቀራል። ማንም ሰነፍ ሳይሆን፣ መምህሩም ሳይከፋ፣ ሰንሰለቱ ስለረዘመ ብቻ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ይንጠባጠባሉ። ለሠራተኛ ሰው የምመክረው ሁሉ ከዚህ ይነሣል፦ መንገዱን ያሳጥሩ፤ በኮርስና በኮርስ መካከል ክፍተት አይተዉ።

ማሳጠር የሚጀምረው ከፕሌስመንት ቴስቱ ነው። አኩፕሌሰር የሚባለውን ፈተና ብዙ ኮሌጆች ተጠቅመውበታል፤ በርካቶች ዛሬም ይጠቀሙበታል። የሰዓት ገደብ የለውም፤ ስለዚህ ከሥራ ወጥተው፣ መኪና ማቆሚያ ሰዓቱን እያሰቡ አይግቡበት። ጥያቄዎቹ በመልስዎ መጠን ይከብዳሉ ወይም ይቀልላሉ፤ ያለፉትን ጥያቄ ተመልሰው ማረም አይቻልም። አገር ቤት በተፈጥሮ ሳይንስ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል ተምሯል። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ሳይዘጋጅ ይቀመጥና 2/3 ሲደመር 3/4 ሲባል ከላይ ያለውን ከላይ፣ ከታች ያለውን ከታች ደምሮ 5/7 ይላል። መልሱ 17/12 ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት ሲደጋገም ፈተናው ወደ ቀላሉ ይወርድና ካልኩለስ የተማረው ሰው ከመደመርና መቀነስ እንዲጀምር ይመደባል። ክፍልፋይን፣ የኔጌቲቭ ቁጥር ምልክትን፣ ፐርሰንትንና ቀላል ኢኩዌሽንን ጥቂት ሳምንት ቢከልሱ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሊያተርፍልዎ ይችላል። ካን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት መማሪያ በነፃ ይገኛል፤ ኮሌጁንም የልምምድ ጥያቄ ይጠይቁት።

ከዚያም በፊት «ያለ ፈተና ልመደብ እችላለሁ ወይ?» ብለው የኮሌጁን አድቫይዘር ይጠይቁ። ብዙ ኮሌጆች በሃይስኩል ውጤት ይመድባሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2017 የወጣው ኤቢ 705 የተባለው ሕግ የሃይስኩል ውጤት እንዲታይ አስገድዶ ኮሌጆች ተማሪን ወደ ሪሚዲያል መላክ የሚችሉበትን ሁኔታ በጣም አጥብቦታል። የአገር ቤት ትራንስክሪፕትዎን ዘመድ በሻንጣ እስኪያመጣው አይጠብቁ፤ ቀደም ብለው አስወጥተው፣ ኮሌጁ በሚቀበለው ድርጅት አስተርጉመውና አስገምግመው ይያዙ። ሳይጠይቁ ማንም አይነግርዎትም፤ አድቫይዘሩ ፊት ያለው የፈተናው ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዝቅ ብለው ከተመደቡም «ኮሬኩዊዚት» ያለ እንደሆነ ይጠይቁ። ለዲግሪው የሚቆጠረውን ሒሳብ በቀጥታ እየወሰዱ፣ ጎን ለጎን ተጨማሪ የድጋፍ ክፍለ ጊዜ መከታተል ማለት ነው። በ2013 በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባሉ ሦስት ኮሚኒቲ ኮሌጆች፣ ሪሚዲያል አልጀብራ ያስፈልጋቸዋል የተባሉ ተማሪዎች በዕጣ ተከፋፍለው ነበር። ሪሚዲያሉን ከወሰዱት 39 ከመቶው አለፉ። በቀጥታ የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ከሳምንታዊ ድጋፍ ጋር ከወሰዱት ግን 56 ከመቶው አልፈዋል። ከባዱን የወሰዱት በልጠው ተገኙ ማለት ነው።

የትኛውን ሒሳብ እንደሚወስዱ የሚወስነው ሙያው ነው። የነርሲንግ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት ስታቲስቲክስ ነው፤ ለዚያ ረጅሙን የአልጀብራ መስመር መያዝ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚያስብ ግን አልጀብራው አይታለፍም፤ ስታቲስቲክስ ይዞ ቆይቶ ኋላ ሐሳብ መቀየር እንደ አዲስ ያስጀምራል። ስለዚህ ለሒሳብ ከመመዝገብዎ በፊት ሊገቡበት የሚፈልጉት ፕሮግራም የሚጠይቀውን ኮርስ በስሙ ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ክፍተቱ። የፎል ምዝገባ የሚከፈተው ስፕሪንግ ሳያልቅ ነው። ገና ክፍል ውስጥ እያሉ፣ ፈተናው ሳይደርስ ለሚቀጥለው ይመዝገቡ። «በጋውን ልሥራና በፎል እመለሳለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ያስቀረ ነው፤ ኦቨርታይም ይለመዳል፣ ክፍልፋዩም ይረሳል። ለአለቃዎ የአንድ ሴሚስተር ሳይሆን የሁለት ሴሚስተር ፕሮግራም አንድ ላይ ይስጡና ሺፍትዎን በዚያው ልክ ያስተካክሉ። በአንድ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ መውሰድ የሚችሉ ከሆነ አንዱ ሒሳቡ ይሁን፤ «ኋላ እወስደዋለሁ» ከተባለ መጨረሻ ላይ ተራራ ሆኖ ይጠብቃል።

ገንዘቡም አያዘናጋዎት። የፌዴራል ፋይናንሻል ኤይድ ሪሚዲያልን የሚሸፍነው እስከ 30 ክሬዲት ድረስ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርቱ (ኢኤስኤል) እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። የማይመለሰው የፌዴራል ድጎማ፣ ፔል ግራንት፣ ደግሞ በዕድሜ ልክ የ12 ሴሚስተር ገደብ አለው፤ ሪሚዲያል ላይ የዋለ ሴሚስተርም ከዚሁ ይቀነሳል። ኮርስ ሲከብድዎ ዝም ብለው አይጥፉ፤ በይፋ ካልተሰረዙ ኤፍ ይመጣል፣ ኤፍ ሲደራረብ ደግሞ ኤይዱ ይቋረጣል። በሰዓቱ የትምህርት ማገዣ ማዕከሉ ሄደው ቢቀመጡ ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም።

ከዓመታት በፊት ሪሚዲያል ላይ ያቋረጡም ይኖራሉ። ያኔ የተሰጠዎት ምደባ ዛሬም የሚጸና እንዳይመስልዎት። የፈተና ነጥብ በብዙ ኮሌጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፤ ቴነሲ ከ2015 ጀምሮ፣ ካሊፎርኒያም በሕጉ መሠረት፣ ረጅሙን የሪሚዲያል ሰንሰለት ትተው ወደ ኮሬኩዊዚት ሄደዋል። የተማሩበት ኮሌጅ ደውለው፣ አሁን ባለው ደንብ ከየትኛው ሒሳብ እንደሚጀምሩ ይጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል እንዲጽፉልዎ ያድርጉ።