የትዕማር ጩኸትና የዳዊት ዝምታ
(ለቁምስና መሪዎችና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ትምህርት)

በካልእ መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የተጻፈው የትዕማር ታሪክ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎቻችን እምብዛም አይነበብም። ለልጆች አይመችም፣ ለአዋቂም ያሳፍራል ተብሎ ይታለፋል። ሆኖም ካህናትን፣ ደናግልን፣ ካቴኪስቶችንና የቁምስና ምክር ቤት አባላትን ሕፃናትንና ደካሞችን ከጥቃት ስለ መጠበቅ ለማሠልጠን ከዚህ ምዕራፍ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል፤ ምዕራፉ የሚናገረው ስለ በዳዩ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ስለ ነበሩት ጭምር ነውና።

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። የዳዊት የበኩር ልጅ አምኖን የአባቱን ልጅ ትዕማርን ተመኘ። የአጎቱ ልጅ ኢዮናዳብ፣ የታመመ መስሎ እንዲተኛና እኅቱ መጥታ እንድታበላው ንጉሡን እንዲለምን መከረው። ዳዊትም አምኖ ትዕማርን ራሱ ላካት። አምኖን በቤቱ የነበሩትን ሁሉ አስወጥቶ በግድ ደፈራት፤ ቀጥሎም አባርሮ በሩን አስዘጋባት። እርስዋ ግን ዝም አላለችም፤ ልብስዋን ቀድዳ፣ በራስዋ ላይ አመድ ነስንሳ እየጮኸች ሄደች። ዝም ያሰኛት ሌላው ወንድምዋ አቤሴሎም ነው። ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ከቍጣው በቀር ግን ምንም አላደረገም። የሰባ ሊቃናት ትርጉም ምክንያቱን ይጨምራል፤ አምኖን በኵሩ ስለ ነበረ ይወደው ነበርና ሊያሳዝነው አልፈለገም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው።

ሥልጠና ሲባል ብዙዎቻችን ከውጭ የሚመጣን ተኩላ መለየት ይመስለናል። እዚህ ግን አደጋው የመጣው ከቤት ውስጥ፣ በሚታመን ሰው፣ ያውም ሕመምተኛን በመንከባከብ የምሕረት ሥራ ሽፋን ነው። የላካትም መሪው ራሱ ነው። ሰዎቹ ከክፍሉ የወጡበት ቅጽበት ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ምስክር አልነበረም።

የዳዊት ስሕተት በቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ሀገረ ስብከት ልጆችን የበደሉ ካህናት ለሕግ ሳይቀርቡ ከቁምስና ወደ ቁምስና ሲዛወሩ መኖራቸው በይፋ ተገለጠ፤ ሊቀ ጳጳሱ ካርዲናል በርናርድ ሎው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአየርላንድ የወጡት የምርመራ ዘገባዎችም ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። እነዚያ መሪዎች አብዛኛዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እንደ ዳዊት የራሳቸውን ሰው ማሳዘን የከበዳቸው፣ የቤቱ ስም እንዳይጠፋ የሠጉ ነበሩ።

በዚህ ምክንያት ነው ነፍሳቸውን ይማርና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 «እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ» የተሰኘውን ሐዋርያዊ ደብዳቤ በሕግ መልክ ያወጡት፤ በ2023 አሻሽለው አጽንተውታል። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ሕዝቡ በቀላሉ የሚደርስበት የአቤቱታ መቀበያ ሊኖረው ይገባል፤ ካህናትና ገዳማውያን የሰሙትን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ አቤት ያለውንም ሰው ዝም እንዲል ማስገደድ ክልክል ነው። ጥበቃው ለሕፃናት ብቻ አይደለም፤ በሕመም፣ በአእምሮ ወይም በአካል ጉዳት፣ ነፃነትንም በማጣት ራሱን መከላከል የተሳነውን አዋቂ ያካትታል። በየቁምስናችን ስናስበው፣ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ፣ መስማት የተሳነው ወጣት፣ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ናቸው። በሕጉ ቃል ባይጠሩም፣ የእርዳታ እህል በአንድ ሰው ፊርማ የምታገኝ መበለት እንዴት እምቢ ልትል እንደምትችል መጠየቅም የኛ ፈንታ ነው።

በሀገራችን ከሁሉ የሚከብደው ግን የሽምግልናው ጉዳይ ነው። ሽምግልና የከበረ ባህላችን ነው፤ የድንበርንና የባልና ሚስትን ጠብ አብርዷል። ለዚህ ነገር ግን አይሆንም። ልጅቱ ስትናገር ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ገመና ይሸፈን ይባላል፤ ካሣ ይቈረጣል፤ አንዳንዴም ያግባት ይባላል። ጠልፎ ወይም ደፍሮ ያገባ ሰው ከቅጣት የሚያመልጥበት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድንጋጌ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ቀርቷል፤ ልማዱ ግን በየመንደሩ አለ። ሽማግሌዎች ሲመካከሩ ደግሞ ቀኑ ይሄዳል። የተደፈረ ሰው በኤች አይ ቪ እንዳይያዝ የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሦስት ቀን የፈጀ ዕርቅ የልጅቱን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

አንዳንዶች በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ወንድምህን ለብቻው ገሥጸው የተባለውን ይጠቅሳሉ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን፣ ከዚያ አስቀድሞ፣ ታናናሾቹን ስለሚያሰናክል ሰው ጌታ የተናገረው ብርቱ ቃል አለ። ምክሩ ለተበዳይ ወንድም የተሰጠ እንጂ ሕፃን ከበዳይዋ ጋር ፊት ለፊት እንድትቀመጥ የታዘዘ አይደለም።

እንግዲህ ካቴኪስት ሆይ፣ አንድ ልጅ ከትምህርት በኋላ ቀርቶ ቢነግርህ ምን ታደርጋለህ? በጸጥታ ስማው፤ ለማንም አልናገርም ብለህ ቃል አትግባ፤ መርማሪ ሆነህ ደጋግመህ አትጠይቀው። የተናገረውን በራሱ አነጋገር ከነቀኑ ጻፍ። ልብሱ አይታጠብ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ለፖሊስና በሀገረ ስብከቱ ለተመደበው ሰው ይነገር። ተከሳሹ የቤተሰቡ አባል ከሆነ ልጁን ወደዚያ ቤት መልሰህ አትላከው፤ ዳዊትን አስታውስ። ካህን በኑዛዜ የሰማውን ከቶ ሊገልጥ አይችልም፤ ሆኖም ልጁ ከኑዛዜ ውጭ እንዲናገር ሊያበረታታው ይችላል። ካቴኪስት ግን ይህ ማኅተም የለበትም።

የተከሰሰውስ ሰው በሐሰት ቢሆን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕጉም እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ያዛል። ጉዳዩ እስኪጣራ ከልጆች አገልግሎት ማራቅ ግን ፍርድ አይደለም፤ ንጹሑንም ሰው ከተጨማሪ ሐሜት ይጠብቀዋል።

የቀረው ቀላል ነው፤ የማስተማሪያ ክፍል በር ክፍት ይሁን፤ ልጆች በጕዞም ሆነ በመዘምራን ልምምድ ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻቸውን አይቅሩ፤ አዲስ አገልጋይ ሲመጣ ከቀድሞ ቁምስናው ይጠየቅለት።

ለውይይት፦ በቁምስናችን የመጋዘኑና የማደሪያው ቁልፍ በማን እጅ ነው? ይህ ሰው ራሱ በዳይ ቢሆን አንዲት ልጅ ለማን ትናገራለች? ባለፈው ዓመት ዝም በሉ ያልነው ሰው አለን?