ጠጠር ስናወጣ ገደል እንዳንተው

መንገድ ያለ ጠጠር አይሠራም። የትምህርት ቤት ወለልም ሆነ የጤና ጣቢያ መሠረት ጠጠር ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት በብዙ ቀበሌዎች ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ጠጠርና ገረጋንቲ ያወጣሉ። ሥራው እንጀራ ነው። ታዲያ ጠጠሩ ተሸጦ ሲያልቅ ቦታው ምን ይሆናል? ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ቀጥ ያለ ገደልና ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነው። ገደሉ ሰውና ከብት ይጥላል። ጉድጓዱ ልጆችን ያሰጥማል፤ ቦታው ቆላ ከሆነም የወባ ትንኝ ይራባበታል።

ይህን ለመከላከል ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። የካባው መዝጊያ መታሰብ ያለበት ካባው ከመከፈቱ በፊት ነው። ለምን? እስቲ እንመልከት።

ገደል ለምን ይናዳል?

በአውድማ ላይ እህል ስናፈስ ክምሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ጎኑ እየተንሸራተተ ወርዶ የራሱን ተዳፋት ይዞ ያርፋል። ጠጠርና አሸዋም እንደዚሁ ናቸው። ደረቅና ልቅ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚያርፉት ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ነው። ከዚያ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን የጠጠር ገደል ያቆመው በመሐሉ ያለው ጭቃና ጥቂት እርጥበት ነው። ፀሐይ ሲያደርቀው ይፈረፈራል፤ ዝናብ ሲያርሰው ይላላል። ትናንት የቆመ ገደል ዛሬም ይቆማል ማለት አይደለም።

አንዳንዶች ገደሉን ከሥሩ ይቦረቡሩታል። «ከላይ ያለው ራሱ ይወርድልናል፤ ድካም ይቀንሳል» ይላሉ። መውረዱስ ይወርዳል፤ ግን መቼ እንደሚወርድ አይናገርም። አንድ ሜትር ኩብ ጠጠር ከ15 እስከ 18 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ከዚህ ሥር የተቀበረ ሰው በራሱ ጉልበት አይወጣም።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረቡ ሌላ ናዳ ወርዶባቸው ነው። የተናደው ተራራ እንጂ ካባ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለካባም ይሆናል። አንዴ የተናደ ገደል ገና አልረጋም። ለመርዳት ስንገባም ገደሉን የሚጠብቅና የሚያስጠነቅቅ ሰው እናቁም።

ተዳፋት መሬት ይበላል

ሥራው ሲያልቅ የሚቀረው ተዳፋት 1 ሜትር ለመውረድ 2 ሜትር ወደ ጎን የሚሄድ ቢሆን መልካም ነው። ይህ 27 ዲግሪ ያህል ነው። ሣር ይበቅልበታል፤ ሰውም ይወጣበታል።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ስፋቱ 40 ሜትር የሆነ ቦታ አለን እንበል። በግራና በቀኝ ወሰን 5፣ 5 ሜትር ሳይነካ ይቀራል። 6 ሜትር ጥልቀት ብንቆፍር ተዳፋቱ በእያንዳንዱ ጎን 6 × 2 = 12 ሜትር ይወስዳል። 5 + 12 + 12 + 5 = 34 ይሆናል። ለወለሉ የሚተርፈው 6 ሜትር ብቻ ነው። ጥልቀቱን 3 ሜትር ብናደርገው ግን ወለሉ 18 ሜትር ይሆናል፤ ኋላ ሣር ወይም እህል ሊዘራበት ይችላል።

እስከ ወሰኑ ድረስ ቀጥ አድርገን ከቆፈርን በኋላ «አሁን ተዳፋት እናብጅ» ብንል መሬቱ ከየት ይመጣል? ወይ የጎረቤትን ማሳ መቁረስ ነው፤ ወይ በገልባጭ መኪና አፈር እያስመጡ መሙላት ነው። የመጀመሪያው ጠብ ያመጣል፤ ሁለተኛው የጠጠሩን ገንዘብ ይጨርሳል።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ፈቃድና ወሰን። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ለአገር ውስጥ ባለሀብት የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ፈቃድ እናውጣ፤ ወሰኑን በችካልና በሲባጎ እንለይ።

2. የላይኛውን አፈር ማስቀመጥ። ጥቁሩ የላይ አፈር ለብቻው ይነሣ። የሚቆፈረው 30 ሜትር በ40 ሜትር፣ አፈሩም 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 30 × 40 × 0.20 = 240 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ አፈር አይሸጥም፤ ከጠጠርም አይደባለቅም። ከ2 ሜትር በማይበልጥ ክምር ይቀመጥ።

3. መቀልበሻ ቦይ። ጎርፍ ወደ ካባው እንዳይገባ በላይ በኩል ቦይ ይቆፈር።

4. ከላይ ወደ ታች በእርከን መቆፈር። በእጅ ሲቆፈር የአንዱ እርከን ከፍታ ከ1.5 ሜትር አይብለጥ። የኮንሶ ገበሬዎች በእርከን አፈር ይዘው ኖረዋል፤ መልክዓ ምድሩም በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እርከን የውሃን ጉልበት ይሰብራል፤ ከላይ የሚንከባለለውንም ድንጋይ ያስቀራል።

5. ጠዋት ጠዋት ማየት። ከገደሉ በላይ አዲስ ስንጥቅ ካለ ከሥሩ ሰው አይግባ። መኪናም ከአፋፉ ይራቅ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ሳይመረመር ሥራ አይጀመር።

6. እየቆፈሩ መመለስ። አንደኛው ወገን ሲያልቅ ሌላው እስኪያልቅ አንጠብቅ። ለሽያጭ ያልሆነውን ግብስባስ እንሙላበት፤ ተዳፋቱን እናስተካክል፤ ያስቀመጥነውን አፈር እናልብሰው። ይህን በበጋ ከጨረስን በክረምቱ መግቢያ ሣርና ችግኝ ይተከላል። ሥር እስኪይዝ ድረስ ከብት አይግባበት፤ ሣሩን እያጨድን እናብላ።

ጠጠር አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይበቅልም። መሬቱ ግን ከተንከባከብነው ለልጆቻችን ይተርፋል።

ጥያቄዎች

1. ገደልን ከሥሩ መቦርቦር ለምን አደገኛ ነው?
2. ስፋቱ 50 ሜትር በሆነ ቦታ 5 ሜትር ጥልቀት ብንቆፍር፣ በግራና በቀኝም 5፣ 5 ሜትር ብንተው ለወለሉ ስንት ሜትር ይተርፋል?
3. በቀበሌያችሁ የተተወ ካባ አለ? መልሶ ለማልማት በቅድሚያ ምን መሠራት አለበት? ተወያዩበት።