የኮድ ቁራጭ ወደ ምስል ሲለወጥ፦ የሚገኘውና የሚጠፋው

ኮድ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ይሁን እንጂ በማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ሲለጠፍ መልኩን ያጣል። ቀለሙ ይጠፋል፣ ረጃጅም መስመሮቹ እንዳጋጠመ ይሰበራሉ፣ በመስመር መጀመሪያ የተተዉት ክፍት ቦታዎችም ብዙ ጊዜ ይዋጣሉ። እንደ ፓይተን ባለ የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ያ ክፍት ቦታ ጌጥ አይደለም፤ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ሥር እንደሚውል የሚወሰነው በእርሱ ነው። ኮድን በቀለም ለይቶ ወደ ምስል የመለወጥ ልማድ የተስፋፋው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለዚህ ሥራ ከተዘጋጁት መገልገያዎች በሰፊው የሚታወቀው ካርቦን እ.ኤ.አ. በ2017 ብቅ ያለ ነው። ትዊተር በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ገደቡን ወደ 280 እስኪያሳድግ ድረስ አንድ መልእክት ከ140 ፊደላት እንዲበልጥ አይፈቅድም ነበር። በአዲሱ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ፊደል እያንዳንዱ እንደ ሁለት ስለሚታሰብ፣ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ገደቡ እዚያው 140 ላይ ቀርቷል። ምስል ግን ፊደል አይቆጠርበትም።

የምስሉ ሥራ የሚጀምረው ኮዱን በመቆራረጥ ነው። ለምሳሌ የሚከተለውን መስመር እንመልከት፦

ቫት = ዋጋ * 0.15  # ተጨማሪ እሴት ታክስ

መስመሩ በእርግጥም የሚሠራ የፓይተን ኮድ ነው፤ የዋጋው መጠን አስቀድሞ ይሰጠው እንጂ። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ሦስተኛ እትሙ ጀምሮ በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፉ ስያሜዎችን ይቀበላል። ቀለም ለዪው ፕሮግራም መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ይከፋፍለዋል፤ ሁለት ስያሜዎች፣ ሁለት የስሌት ምልክቶች፣ አንድ ቁጥርና በመጨረሻም ኮምፒውተሩ የሚዘለው፣ ለሰው ብቻ የተጻፈ ማብራሪያ። ቫት ምን እንደሆነ ወይም ስሌቱ ትክክል ስለመሆኑ አንዳች አያውቅም። የሚያውቀው የእያንዳንዱን ቁራጭ ዓይነት ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። ያው የመሰላል ምልክት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ቢገኝ የጽሑፍ አካል እንጂ የማብራሪያ መነሻ አይሆንም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በየቅጽበቱ በምን ውስጥ እንዳለ ማስታወስ አለበት። የመዝጊያው ጥቅስ ሲረሳ ከዚያ በኋላ ያለው ኮድ ሁሉ በአንድ ቀለም የሚጥለቀለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘዴው ረዥም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 የአይቢኤም ባለሙያ ማይክ ካውሊሾ ሌክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሠራ፣ የኦክስፎርድን መዝገበ ቃላት ወደ ኮምፒውተር የማስገባቱን ሥራ ለማገዝ ክፍሎቹን በቀለም ይለይ ነበር። የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው ሐሳቡ አይርቀውም፤ ጸሐፊው የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፍ አንባቢው ቃሉን ሳያነብ ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ቁራጭ ቀለም ይሰጠውና በብራውዘር ውስጥ ይደረደራል፤ ገጹም ወደ ፒክስል ተለውጦ በፋይል ይቀመጣል። ሲሊከን እንደተባለው ያሉ መገልገያዎች ግን ያለ ብራውዘርና ያለ ኢንተርኔት፣ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ሥራውን ይጨርሳሉ። በአማርኛ ማብራሪያ የሚጽፉ መምህራን እክል የሚገጥማቸው እዚህ ላይ ነው። ለኮድ ተብለው የተሠሩት የታወቁ ፎንቶች ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት እንዲኖረው አድርገው የተቀረጹ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የኢትዮጵያን ፊደል አይዙም። ሥርዓቱ ፊደሉን ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ ስፋቱ ስለማይገጥም ዓምዶቹ ይዛነፋሉ። የሚዋሰው ሲያጣ ደግሞ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ያስቀምጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነጻ ፎንት መጫን ሣጥኑን ያስቀራል፤ መዛነፉን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

የፋይሉ ዓይነትም ከሚገመተው በላይ ለውጥ ያመጣል። ጄፔግ ለፎቶግራፍ የተበጀ ነው፤ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ አደባባዮች ከፍሎ ዐይን በቀላሉ የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል፤ ቀለሙንም አብዛኛውን ጊዜ ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ይይዛል። በኮድ ምስል ላይ ያለው ደግሞ በትክክል ይህ የሚጎዳው ነገር ነው፤ ቀጭን፣ ባለ ቀለም፣ ጠርዙ የሰላ ፊደል። ፒኤንጂ ግን አንድም ፒክስል አይጥልም፤ ሰፊ አንድ ወጥ ቀለም ያለውን ምስል አሳንሶ ለማስቀመጥም የተመቸ ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ስለሚጨምቅ፣ ምስሉን በፋይል መልክ መላክ ጥራቱን ያድናል።

የተዋበው ምስል የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ጽሑፍነቱ ይጠፋል። ተማሪው መቅዳት አይችልምና ፊደል በፊደል መልሶ ይጽፈዋል፤ ዜሮን ከላቲኑ ኦ፣ አንድን ከትንሹ ኤል ለመለየትም ይቸገራል። ማየት የተሳነው ፕሮግራመር የሚጠቀምበት የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ምስሉን «ምስል» ብሎ ያልፈዋል። የሚያይም ቢሆን ሊቸገር ይችላል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በተራ መጠን የተጻፈ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲለይ ይጠይቃል፤ በብዙ የቀለም ምርጫዎች ግን ደብዛዛ ግራጫ የሚደርሰው ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ ለሚገባው ማብራሪያ ነው።

ከሁሉ የከፋው ምስጢር ማሾለክ ነው። በኮድ ውስጥ የይለፍ ቃል ወይም የአገልግሎት መክፈቻ ቁልፍ ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በምስል መልክ መሆኑም አይሸሽገውም፤ ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር በየስልኩ አለ። ቆርጦ ማስቀረትም ሁልጊዜ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ይፋ እንደሆነው፣ በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ያለው የምስል ማስተካከያ የተቆረጠውን አነስተኛ ፋይል በቀድሞው ላይ ሲጽፍ የተረፈውን ጅራት አይሰርዝም ነበር። ከዚያ ጅራት ተቆርጧል የተባለውን የምስል ክፍል በከፊል መልሶ ማውጣት ተችሏል። ተመሳሳይ ስሕተት በዊንዶውስ 11 የስክሪን መቅረጫ ላይም ተገኘ። ጉድለቶቹ ታርመዋል፤ ከእርማቱ በፊት የተለጠፉትን ምስሎች ግን እርማቱ አይነካቸውም። ቁልፉን ምስሉ ከመሠራቱ በፊት፣ ገና ጽሑፍ ሳለ በሐሰተኛ ቃል መተካት ከማደብዘዝም ከመቁረጥም ይሻላል። የወጣ ቁልፍ ግን ምስሉ ቢሰረዝም እንደወጣ ስለሚቆጠር መለወጥ አለበት። የመሥሪያ ቤትን ኮድ ደግሞ በማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ እንደ ሲሊከን ባለው መገልገያ መሥራት ይመረጣል።

ምስል የሚያስፈልገው ማየት ሲበቃ ነው፤ ለአዳራሽ ገለጻ፣ ለማስታወቂያ፣ ጥቂት መስመር ላለው ምሳሌ። እርዳታ ለሚጠይቅ ሰው ግን ምስል ብቻውን አይበጀውም፤ መላሹ ኮዱን አሂዶ መሞከር አለበትና። በቴሌግራም ኮዱን ከፊትም ከኋላም በሦስት የተገለበጡ ጭረቶች ማጠር ክፍት ቦታውን ይጠብቃል፣ ለመቅዳትም ያስችላል። በኤክስ ላይ ምስል ለሚለጥፍ ደግሞ እስከ 1000 ፊደል የሚይዝ የምስል መግለጫ ቦታ ስላለ፣ አጭር ኮድ ሙሉ በሙሉ ሊገባበት ይችላል።