ስለ ደም ብዛትና ስለ ውሃ ዋቅላሚ ፕሮቲን



ባለፈው የገበያ ቀን አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው፥ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን አረንጓዴ ዱቄት ፈትተው አሳዩኝ። «ልጄ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ነው፤ ከባሕር የወጣ ነው፥ ደም ብዛትን ያወርዳል ብሎኛልና ክኒኑን ትቼዋለሁ» አሉ። ግፊታቸው ሲለካ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። የልጃቸው ነገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እውነቱ እስከ የት እንደሚደርስ ባለማወቃቸው ለከባድ አደጋ ተጋልጠው ነበር። ስለዚህ የዚህን ወር ትምህርት በዚሁ ጉዳይ ላይ አድርገነዋል።

1ኛ፤ ግፊት እንዴት ይወጣል?

ሕዝባችን «ደም ብዛት» ይበለው እንጂ፥ የሚበዛው ደሙ ሳይሆን ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ፥ ሕመም ነው ይባላል። ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ አንጎልን፥ ልብንና ኩላሊትን ይጐዳል።

ግፊቱ ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ነው። ኩላሊት ሬኒን የተባለ ኤንዛይም ወደ ደም ይለቃል። ሬኒንም ከጉበት የመጣውን ፕሮቲን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን አንድ የሚባለውን ያወጣል። ይህንንም፥ በተለይ በሳንባ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚገኘው ኤ.ሲ.ኢ. የተባለ ኤንዛይም ዳግመኛ ይቆርጠውና አንጂዮቴንሲን ሁለት ያደርገዋል። የደም ሥርን የሚያጠብበው፥ ኩላሊትም ጨውና ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገው ይህ ሁለተኛው ነው። እንግዲህ ኤ.ሲ.ኢ.ን የሚያግድ ነገር ግፊትን ያወርዳል ማለት ነው። ሊቃውንት የአንድን የብራዚል እባብ መርዝ ሲያጠኑ ይህን የማገድ ኀይል አገኙበት፤ ከዚያም ዕውቀት የተሠራው ካፕቶፕሪል እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። በአገራችን የሚሰጠው ኤናላፕሪልም የዚሁ ወገን ነው።

2ኛ፤ ዋቅላሚ ምን ያደርጋል?

ዋቅላሚ ወይም አልጌ እውነተኛ ሥር፥ ግንድና አበባ የሌለው የውሃ ለምለም ነው። ጃፓኖች ኖሪና ዋካሜ የሚሏቸውን የባሕር ዋቅላሚዎች እኛ ጐመን እንደምንበላ ይበሏቸዋል። ኖሪ ደርቆ ቢመዘን እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። ፕሮቲን በክር እንደ ተሰካ ዶቃ ረጅም ሰንሰለት ነው። በኤንዛይም ሲቆራረጥ ጥቂት ጥቂት ዶቃ የያዙ ቁራጮች ይወጣሉ፤ እነዚህም ፔፕታይድ ይባላሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ኤ.ሲ.ኢ. በሚቆርጥበት ቦታ ገብተው ሥራውን ያሰናክላሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች ከዋካሜ እንዲህ ያሉትን ለይተው ግፊታቸው ከፍ ባለ አይጦች ላይ ሲሞክሯቸው ግፊቱ ዝቅ ብሏል። በአየርላንድም ዳልስ ከተባለው ቀይ ዋቅላሚ ሬኒንን የሚያግድ ፔፕታይድ ተገኝቷል፤ የተቆራረጠውም ፕሮቲን ከሊጥ ጋር ተቦክቶ በዳቦ ቢጋገር ኀይሉን እንዳላጣ ታይቷል።

አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም የዚህ ነገር ዘመድ አላት። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን የአረንጓዴ ሐይቅ መልክ የሰጠው ስፒሩሊና የተባለ ደቂቅ ፍጥረት ነው። በቻድ ሐይቅ አካባቢ የካነም ሴቶች ይህንኑ ከውሃው ሰብስበው አድርቀው ለወጥ ያውሉታል። ከደረቅ ክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ከእርሱም ኤ.ሲ.ኢ.ን የሚያግዱ ፔፕታይዶች ተገኝተዋል። እኒያ አባት «ከባሕር የወጣ» ያሉት ዱቄት ስፒሩሊና ነበር።

3ኛ፤ ስለምን ክኒኑን አይተካም?

አብዛኛው ማስረጃ ከላቦራቶሪና ከአይጥ የተገኘ ነው፤ በሰው ላይ የተደረገው ጥናት ጥቂት ነው። ፔፕታይዱ ደም ውስጥ ሳይገባ በአንጀት ይበልጥ ሊቆራረጥና ኀይሉን ሊያጣ ይችላል። ክኒን መጠኑ የታወቀ ነው፤ በአንድ ማንኪያ ዱቄት ውስጥ ግን ስንት ፔፕታይድ እንዳለ ገዢው አያውቅም። የባሕር ዋቅላሚ ደግሞ ጨውና ብዙ አዮዲን ሊይዝ ይችላል። በኩሬና በሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር ሁሉ ስፒሩሊና አይደለም፤ መርዛም ዓይነት ስላለበት ሰብስቦ መብላት ክልክል ነው።

4ኛ፤ በቤታችን ምን እናድርግ?

ከባቄላ፥ ከአተር፥ ከሽምብራና ከምስር ፕሮቲንም በላቦራቶሪ ተመሳሳይ ፔፕታይዶች ወጥተዋል። ይህ ሽሮን መድኃኒት አያደርገውም፤ ነገር ግን የከላላና የመካነ ሰላም ደገኛ መልካም ገንቢ ምግብ ፍለጋ ወደ ሩቅ ባሕር ማየት እንደማያስፈልገው ያስረዳል። ይልቁንስ የሽሮው ወዳጅ መስሎ የሚገባውን ጨው እንጠንቀቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል፤ ይኸውም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በዚህ ሒሳብ በበርበሬው፥ በሽሮው፥ በወጡና በቡናው የሚገባው ሁሉ አብሮ ይቈጠራል። ስለዚህ ቡናን ያለ ጨው መጠጣት፥ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው መቀነስ፥ ግፊትን በየጊዜው ማስለካት፥ የታዘዘውንም ክኒን ያለ ሐኪም ፈቃድ አለማቋረጥ ይገባል።

እኒያ አባት ክኒናቸውን እንደገና ጀምረዋል። ዱቄቱን ለምን እንዳልነጠቅኋቸው ሲጠይቁኝ፥ «አባቴ፥ ምግብ ነውና ከምግብ ጋር ይቈጠር፤ መድኃኒቱን ግን ከቦታው አያስነሣው» አልኋቸው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች፤
1. ኤ.ሲ.ኢ. ሲታገድ ግፊት የሚወርደው ስለምን ነው?
2. የዋቅላሚ ዱቄት ክኒንን የማይተካበትን ሁለት ምክንያት ተናገር።
3. በቤትህ በቀን ጨው የሚገባባቸውን ምግቦችና መጠጦች ቍጠር።