ገብስ በ9 ባይት

(አሰላ። ጠያቂዋ ለገበሬዎች ዩኒየን የሚመጡ ኢሜይሎችን የሚለይ ፕሮግራም በፓይተን እየጻፈች ነው፤ መላሹ ጡረታ የወጡ የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው።)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ፋይሉን በላቲን 1 ነው የምከፍተው። የኦሮምኛውን ደብዳቤ ቀጥ አድርጎ ያነባል። አማርኛው ሲመጣ ግን ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየቦታው ትደረደራለች።

ጋሼ፦ ኦሮምኛው የተነበበው ኮድሽ ልክ ስለሆነ አይምሰልሽ። ቁቤ በተራ የላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ፊደሎቹን በብዙዎቹ አሠራሮች ብታነቢያቸው ያው ናቸው። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 አንዱ 3 ባይት ይይዛል። ከበቆጂ «ገብስ» ብለው ቢጽፉልሽ 9 ባይት ነው፤ የሦስቱም ፊደላት መነሻ ባይት 225 ነው። 225 በላቲን 1 ያቺው «ኤ» ናት።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ሁሉንም በዩቲኤፍ 8 ልክፈተው?

ጋሼ፦ ያኔ ደግሞ ኦሮምኛው ይሰበርብሻል። ሁዻ፣ ያቺ በቁቤ ቃል መሃል የምትገባው ጭረት፣ በዎርድ ስትጻፍ ብዙ ጊዜ ትጠመማለች፤ የተጠመመችው በዊንዶውስ 1252 ባይት 146 ናት፣ ብቻዋን ስትመጣ ዩቲኤፍ 8 አይቀበላትም። ስለዚህ መልእክቱን በባይቱ ተቀበዪው። «ሜሴጅ ፍሮም ባይትስ» በዪና ፖሊሲውን «ዲፎልት» አድርጊው፤ ካልነገርሽው በድሮው አሠራር ይቀጥላል። ቻርሴቱን እያንዳንዱ ክፍል ራሱ ይነግርሻል፤ በአንድ ኢሜይል ሁለት ዓይነት ሊኖር ይችላል።

ወጣቷ፦ ርዕሱስ? «4 ዋይ፣ 4 ዋይ» እያለ ይደጋግማል።

ጋሼ፦ እሱማ ፊደላችን ነው! ቤዝ 64 እያንዳንዱን 3 ባይት በ4 ምልክት ይተካል፤ አንድ ፊደል ልክ 4 ምልክት ሆነ ማለት ነው፣ መነሻው ሁልጊዜ «4 ዋይ»። ባለ 1 ባይቱ ክፍት ቦታ ሲገባ ግን ይዛነፋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደንብ አንዱ የርዕስ ቁራጭ ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ስለሚል ረጅም የአማርኛ ርዕስ ይቆራረጣል። ፊደል መሃል መቁረጥ ክልክል ነው፤ የሚቆርጥ ላኪ ግን አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሲገጥምሽ መጀመሪያ ባይቶቹን ቀጥዪ፣ ከዚያ ወደ ጽሑፍ ለውጪ።

ወጣቷ፦ የድሮዎቹስ? ቻርሴታቸው ላቲን 1 ይላል፣ ሳነበው ግን የላቲን ዝብርቅርቅ ነው።

ጋሼ፦ ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የመጻፊያ ፕሮግራሞች በላቲኑ ቁጥሮች ላይ የእኛን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ቻርሴቱ አልዋሸም፤ ፊደሉ ያለው ፎንቱ ውስጥ ነው። የፎንቱን ስም ካወቅሽ በመለወጫ ሠንጠረዥ ይመለሳል። አንዳንዶቹ ግን ቦታ ስላልበቃቸው ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውታል። ኢሜይሉ የፎንቱን ስም ጥሎ ከመጣ አንዱ ቁጥር ሁለት ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ያን ኮድ አይፈታውም።

ወጣቷ፦ በጥያቄ ምልክት ልተካው?

ጋሼ፦ ስክሪን ላይ ተኪው፣ መዝገብ ውስጥ ግን እንዳትሞክሪው! ዋናውን ባይት እንዳለ አስቀምጪ። ጸሐፊው ዛሬም ስልክ የሚያነሣ ከሆነ ደግሞ ደውይለትና ምን ብሎ እንደነበር ጠይቂው።