ጉማራን ሦስት ጊዜ የተሻገረ ሰው

ልጄ፣ ከወረታ ቄራ የተገኘውን የፎገራ ከብት ጉበት በስሱ ቆርጠህ፣ የስላይዶቹን ምስል በኮምፒውተር ደራርበህ መልሰህ ሙሉ ጉበት ልታደርገው ማሰብህን ሰማሁ። በኮምፒውተሩ ትበልጠኛለህ። ቁርጡን ግን ስንት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ ያየሁት ነውና ስማኝ።

1. መጀመሪያ የፎገራን ሜዳ አስብ። ጉማራ ጣና ከመግባቱ በፊት ይጠማዘዛል። በሩዝ ማሳው መሐል ቀጥ ብሎ የሚሄድ እንግዳ ያንኑ ወንዝ ሦስት ጊዜ ተሻግሮ፣ ሦስት ወንዝ ተሻገርሁ ብሎ ሊምል ይችላል። ስላይድም እንዲሁ ያታልላል፤ አንድ የተጣጠፈ የሐሞት ቱቦ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። የቱቦው በሽታም ከዚያው ሜዳ ይመጣል፤ ውሃ በተኛበት ቀንድ አውጣ ይራባል፣ ከእሱ የወጣው የጉበት ትል እጭ ሣር ላይ ይጣበቃል፣ ከብቱም ይግጠዋል። ትሉ ያወፈረው ቱቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በአንድ ስላይድ አይታወቅም።

2. አትስገብገብ። በ5 ማይክሮን ብትቆርጥ 1 ሴንቲ ሜትር ጉበት 2,000 ቁርጥ ይወጣዋል። 1 ሚሊ ሜትር ይበቃሃል፤ 200ውም ዓይን ያጠፋል።

3. ዋናው ድካም ማገጣጠሙ ነው። ቁርጡ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፣ ይቀደዳል፤ መስታወቱ ላይም ዞሮ ያርፋል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ሲያገጥም ያምራል፣ ግን ጠማማውን ቱቦ ቀስ በቀስ ያቃናዋል። ጎረቤቱን እንጂ አገሩን አያውቅማ! ጉስታቭ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1883 የየቁርጡን ቅርጽ በሰም ሰሌዳ ላይ አጉልቶ እየቆረጠ ሲደራርብ የገጠመው ችግር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአንድ የ65 ዓመት ሰው አንጎል ከ7,404 ቁርጥ መልሶ ሲገነባ፣ ከመቆረጡ በፊት የተነሳው የኤምአርአይ ምስል መሪ ሆኗል። አንተ ኤምአርአይ የለህም፤ ካሜራ ግን አለህ። ቢላው ከማለፉ በፊት የብሎኩን፣ ማለትም ጉበቱ የተቀበረበትን ሰም፣ ፊቱን ፎቶ አንሳው፣ በየቁርጡ።

4. የጠፋውን ባዶ ተወው። በወጣትነቴ 12 ቁርጥ ጠፋብኝና የጎረቤታቸውን ሥዕል እየደገምሁ ሞላሁት። ቱቦው አማረ፤ አለቃዬም አመሰገነኝ። ኋላ ስላይዶቹ ከመሳቢያ ጀርባ ሲገኙ፣ የተለያዩ ናቸው ብዬ የጻፍኳቸው ሁለት ቱቦዎች እዚያችው ቦታ ይገናኙ ነበር። እኔም ሁለት ወንዝ ተሻገርሁ ባይ ሆኜ ቀረሁ።

5. ጉበቱ በፎርማሊን፣ በአልኮልና በሰም ሲያልፍ ይኮማተራል። የለካኸውን የቱቦ ስፋት በቁም ከብት ውስጥ ያለው ነው ብለህ እንዳትጽፍ።

6. የተገነባውን ምስል ቀለም መቀባቱንና ማሽከርከሩን ለመጨረሻ አቆየው። ለእንግዳ የሚታየው እሱ ነው፤ ለእኔ ግን መጀመሪያ የምታሳየኝ ባዶ የተውካቸውን ቦታዎች ነው።

ክረምት ላይ ስትመጣ ብሎኩን ይዘህ ና። የዛሬ ልጆች ቢላ መሳል ትታችኋል፤ እኔ እስልልሃለሁ።