በእርግዝና ወቅት የሚጠጣ አልኮልና የክፍላችን ተማሪ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዱ ሦስተኛ ክፍል ተመድቦ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ትናንት አጥርቶ የሠራውን መቀነስ ዛሬ ጨርሶ የሚረሳ ልጅ አገኘ። ልጁ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ሲታዘዝ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ነገሩን ሻይ ሰዓት ላይ ስናነሳው «እሱማ የአረቄ ቤት ልጅ አይደል! ገና በሆድ ሳለ ነው የሰከረው፤ ዝም ብለህ አትልፋ» ተባለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነን። አባባሉ እውነት ነው ወይ? እውነትስ ቢሆን «አትልፋ» ያሰኛል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ መፈለግ ነው።

በመጀመሪያ፣ ጉዳቱ እውነት ነው። እናት የጠጣችው አልኮል ከደሟ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። የፅንሱ ጉበት ገና ያልጠነከረ በመሆኑ አልኮሉን ቶሎ ሊያስወግደው አይችልም። አንጎል ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ እስከ መውለጃው ድረስ ስለሚያድግ «በዚህ ወር ምንም አይል» የሚባልበት ጊዜ የለም።

በ1968 እ.ኤ.አ. ፖል ለሟን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን መርምረው ተመሳሳይ ጉዳት ማየታቸውን ጻፉ። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ፣ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ለችግሩ ስም ሰጡት። ምልክቶቹም የዕድገት መቀጨጭ፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳት፣ የዓይን መክፈቻ ማጠርና የአንጎል ጉዳት ናቸው። በዚያው ከተማ አን ስትራይስጉዝና ባልደረቦቻቸው 500 ያህል ልጆችን ለዓመታት ሲከታተሉ ጉዳቱ በትምህርት ቤት በትኩረት፣ በማስታወስና በሒሳብ ላይ እንደሚታይ ተገነዘቡ። ፊታቸው ላይ ምንም ምልክት የሌለባቸው ልጆችም ይጎዳሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጎጃም ደጋ ጠላ እንደ ምግብ እንጂ እንደ መጠጥ አይቆጠርም። በማኅበሩና በደቦው ነፍሰ ጡሯን «ትንሽ ቅመሽ እንጂ!» ማለትም አክብሮት ነው። ሆኖም ጠላ በመቶ ከ2 እስከ 6 ያህል አልኮል አለው፤ አረቄ ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል። የማይጎዳው መጠን ይህ ነው ተብሎ በምርምር ስላልተረጋገጠ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በእርግዝና ጊዜ ጨርሶ አለመጠጣት ነው። ሳታውቅ የጠጣች እናት በየትኛውም ወር ብትተው ለልጁ ይበጃል። ጣሳው በበሶ ወይም በተልባ ብጥብጥ ቢሞላ አክብሮቱ አይጓደልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እናቶቻቸው ኮኬይን የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ልጆች በአሜሪካ ጋዜጦች «የጠፋ ትውልድ» ተብለው ነበር። ሃላም ኸርት የተባሉ ሐኪም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊላደልፊያ 224 ሕፃናትን መከታተል ያዙ። ሁሉም የድሃ ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹ ዕፁ የደረሳቸው፣ ግማሾቹ ያልደረሳቸው። በ4 ዓመታቸው በማሰብ ችሎታ ፈተና የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 79.0፣ ሌሎቹ 81.9 አገኙ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሁለቱም ግን ከ100 በታች ናቸው። ለካ የከበደው ድህነቱ ኖሯል! በቤታቸው ተንከባካቢ ያላቸው ልጆች የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ይህ ማለት ዕፁ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የአልኮል ጉዳትማ በሚገባ የተረጋገጠ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ስም መለጠፍ ዕውቀት አይደለም።

እኛም ዘንድ የሚረሳ ልጅ ሁሉ የአረቄ ጉዳተኛ አይደለም። ምናልባት ቁርስ ሳይቀምስ መጥቶ ይሆናል፤ ጆሮው ወይም ዓይኑ ደክሞ ይሆናል፤ ሌሊቱን ሳል ሲያስጨንቀው አድሮ ይሆናል። እናቱ በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ያለው ጨው አጥታም ሊሆን ይችላል። ይህን መለየት የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ስለሆነም መምህሩ፦

1ኛ. ልጁን ከፊት ያስቀምጥ፤ ትእዛዝም አንድ በአንድ ይስጥ።
2ኛ. ሒሳብን በጠጠርና በባቄላ ያስተምር፤ የትናንቱን በየጠዋቱ ይድገም።
3ኛ. የረሳን ልጅ አይምታ፤ መርሳት ጥጋብ አይደለምና።
4ኛ. እናትን በሰው ፊት «ጠጥተሽ ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቅ። አረቄ የምታወጣ እናት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ነው። ምክሩ ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ በወላጆች ስብሰባ ላይ ይሰጥ።

ያ ልጅስ? ልምምዳችን ሲያልቅም መርሳቱን አልተወም። ነገር ግን ደብተሩን ሲከፍት፣ ሳይነገረው፣ ጠጠሮቹን ከኪሱ አውጥቶ መደርደር ጀምሮ ነበር። «አትልፋ» ብንል ኖሮ ይህን አናይም ነበር።